ዓባይ በለንደን ስቱዲዮ

«ኢንስፒሬሽን ኢንፎርሜሽን 3» ሙላቱ አስታጥቄ ከለንደኑ ሄሊዮሴንትሪክስ ጋር ተጣምረው የሠሩት አልበም ነው። ስትራት የተባለው አሳታሚ በ2009 ለገበያ አቀረበው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሳታሚው በዚህ ተከታታይ ሥራው ሁለት ሁለት ወገን እያጣመረ ያስቀርጽ ነበር፤ ከሙላቱ በፊት የነበረው ጥምረት የጃማይካው ሆራስ አንዲና የእንግሊዛዊው አሽሊ ቢድል ነው።

ሙላቱ በ1943 ጅማ ተወለዱ። ወደ ዌልስ የተላኩት ምህንድስና ይማራሉ ተብሎ ቢሆንም ያዙት ሙዚቃን ነው፤ በለንደን ትሪኒቲ፣ በቦስተን በርክሊ ተምረዋል። የአገራችንን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከአሥራ ሁለት ድምፁ የጃዝ ስምምነት ጋር የማስማማት ሐሳባቸው በ1972ቱ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ መልክ ያዘ፤ ኢትዮ ጃዝ የሚባለው ይኸው ነው። የውጭው አድማጭ ግን በደንብ ያወቃቸው ዘግይቶ፣ «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4 በ1998 ከወጣና ሙዚቃቸው በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልም ከተሰማ በኋላ ነው።

ሄሊዮሴንትሪክስ ብዙ ሰው ያለበት ባንድ ቢሆንም አውራዎቹ ሁለት ናቸው፦ ከበሮ መቺው ማልኮም ካቶና ቤዝ ጊታሪስቱ ጄክ ፈርጉሰን። ሙዚቃቸው ሳይኬደሊክ ከሚባለው ወገን ይመደባል። ይህ ዘይቤ በ1960ዎቹ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ የተስፋፋ ሲሆን፣ ድምፅን በማስተጋባት፣ ሆን ብሎ በማሻከርና አንዱን ምት ደጋግሞ በማዞር አድማጩን ከራሱ የሚያወጣ ነው። ካቶ ለዚህ የሚመርጠው የቆየ የአናሎግ መቅረጫ ነው። ከበሮው ደረቅና ቅርብ ሆኖ ይሰማል፤ ቤዙ ከሥር ይጎተታል።

አልበሙን ጨለማ ያለበሰው ግን የስቱዲዮው መሣሪያ ብቻ አይደለም። አንቺ ሆዬ የተባለውን ቅኝት ፒያኖ ላይ መሞከር ይበቃል፦ ዶ፣ ከጎኑ ያለው ጥቁር ቁልፍ፣ ፋ፣ ከጎኑ ያለው ጥቁር፣ ከዚያ ላ። ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ፣ በመካከላቸው ደግሞ ሰፊ ባዶ ይቀራል። ለፈረንጅ ጆሮ ይህ ሥጋት ነው፤ ለእኛ የሠርግ ዜማም ይሆናል። ሙላቱ እንዲህ ያለውን ቅኝት በቫይብራፎን ሲመቱት ይበልጥ ይርገበገባል፤ ከብረት ቁልፎቹ ሥር ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ በሞተር የሚዞሩ ክብ ሳህኖች ድምፁን እየከፈቱና እየዘጉ ያወዛውዙታልና።

ክራር፣ በገናና ዋሽንትም በአልበሙ ገብተዋል። በገና ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ የተሠራ ይመስላል ቢባል ድፍረት ይሆናል፤ የጾምና የጸሎት መሣሪያ ነው። ግን አሥሩ ጅማቶች ከታች በሚያርፉበት ቦታ እንዚራ የተባሉ ትናንሽ ቁራጭ ቆዳዎች ይደረጋሉ። ጅማቱ ሲነካ ቆዳውን እየነካካ ይነዝራል፣ ያን ወፍራም እምምታም ያወጣዋል። የሮክ ጊታሪስቶች በኤሌክትሪክ ፔዳል የሚፈልጉትን ሻካራነት በገና ደርዳሪው በቆዳ ቁራጭ ያገኘዋል።

ከአሥራ አራቱ ሥራዎች በርካቶቹ ስማቸው ከዚሁ ከአገር ቤት ነው፦ መሰንቆ፣ እስክስታ፣ ደወል። «ደወል» በ1972ቱም አልበም ላይ አለ፤ ሁለቱን አከታትሎ ያዳመጠ የለንደኑ እጅ የቱ ጋ እንደገባ ይለያል። «ብሉ ናይል» ደግሞ ዓባይ ነው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ወርዶ በቁንዝላ አቅራቢያ ጣና ይገባል፣ ዓባይም በባሕር ዳር በኩል ከሐይቁ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ሙላቱ በ2010 «ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ»ን፣ በ2013 «ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን አወጡ። ሄሊዮሴንትሪክስም አንጋፋ መፈለጉን አልተዉም፤ በ2010 ከአሜሪካዊው ሎይድ ሚለር፣ በ2014 ከናይጄሪያዊው ኦርላንዶ ጁሊየስ ጋር ቀረጹ።