ስለ ወተት ጥርስና ስለ ንክሻ መቃናት

በሀገራችን የጥርስ አበቃቀል የመልክ ነገር ብቻ ሆኖ ሲታይ ኖሯል፤ ፍንጭቷ ቆንጆ በዘፈን ስትወደስ፣ ገጣጣው ልጅ በእኩዮቹ መካከል አፉን በእጁ ሸፍኖ ሲስቅ፣ ድርብ ጥርስ ያለውም «ተፈጥሮው ነው» ተብሎ ሲታለፍ ዘመን አልፏል። ፍንጭትስ ንክሻው ደኅና እስከ ሆነ ድረስ ውበት እንጂ ደዌ አይደለም፤ ነገር ግን የላይኛውና የታችኛው መንጋጭላ ሲገጥሙ ጥርስ ከአቻው ጋራ ሳይገናኝ ቢቀር፣ ነገሩ ከመልክ አልፎ ማኘክን፣ የቃላትን አወጣጥና የድድን ጤና የሚነካ ይሆናል።

ይህን ጉድለት ለመመደብ አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድዋርድ አንግል በ1899 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሥርዓት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። መሠረት ያደረገው በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለውን የመጀመሪያውን ቋሚ የመንጋጋ ጥርስ ሲሆን፣ የላይኛውና የታችኛው ተስማምተው ሌሎቹ የተጣበቡ ወይም የተጣመሙ እንደ ሆነ አንደኛ፣ የታችኛው ወደ ኋላ ያፈገፈገ እንደ ሆነ ሁለተኛ፣ ወደ ፊት የቀደመ እንደ ሆነ ሦስተኛ ክፍል አለው።

ከጉድለቱ ከፊሉ ከወላጅ የሚወረስ የአጥንት ባሕርይ ነው፤ ከፊሉ ግን የወተት ጥርስን ከመናቅ የሚመጣ ነው። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ነገ የሚወልቁ ቢሆኑም፣ አልጋ ወራሹ ለአካለ መጠን እስኪደርስ መንበሩን እንደሚጠብቅ እንደራሴ ሁሉ፣ ከሥራቸው ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ ስፍራ ይጠብቃሉ። የወተት መንጋጋ በመበስበስ ምክንያት ያለ ጊዜው ቢነቀል ከኋላው ያለው ጥርስ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ተተኪውም ቦታ አጥቶ ወይ በጎን ይወጣል፣ ወይ በአጥንት ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሳዝነው ግን ጥርሱ ገና ሳይወጣ የሚደርስበት ነው። ሕፃን ትኩሳትና ተቅማጥ ሲይዘው፣ የክራንቻው ስፍራ ነጣ ብሎ አብጦ የታየ እንደ ሆነ፣ ሕመሙን ያመጣው ይህ ነው ተብሎ የሰፈር አዋቂ ይጠራል፤ እርሱም ድዱን በስለት ሰንጥቆ ለስላሳ፣ ነጭ፣ ትል የመሰለ ነገር ያወጣል። ያ ትል የመሰለው ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ ነው፤ ስለቱም ከሥሩ ያለውን የቋሚውን ክራንቻ ፅንስ ሊያቆስል ይችላል። ልጁ ከደም መፍሰስና ከቁስል ማመርቀዝ ቢተርፍ እንኳ፣ ከዓመታት በኋላ ክራንቻው ቅርጹ ተበላሽቶ ሊበቅል ወይም ጨርሶ ሊቀር፣ ጎረቤቶቹም ወደ ባዶው ስፍራ ሊሸሹ ይችላሉ። ወደ እስራኤል በሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆች አፍ ውስጥ የዚያ ሀገር የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ምልክት አይተው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። እናቲቱ ይህን የምታስደርገው ልጅዋን ከሞት ለማዳን ስትል ነውና በእርስዋ መፍረድ አይገባም፤ የሚገባው፣ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን የሚጠቅመው ጡት ሳያቋርጡ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ማጠጣትና ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ መሆኑን በጊዜው መንገር ነው።

የተጣመመውን ማቃናትስ ይቻላል፤ በሽቦ የታሰረ ጥርስ በቀስታ ሲገፋ በተጫነበት ወገን አጥንቱ ይሟሟል፣ በተሳበበት ወገን አዲስ አጥንት ይገነባል፣ ጥርሱም በወር 1 ሚሊሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ሥራው ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ሽቦው ከተፈታ በኋላም ጥርሱን በደረሰበት የሚያጸና መሣሪያ ካልተደረገ ወደ ቀድሞው ማዘንበሉ አይቀርም። የዚህ ጥበብ ልዩ ሐኪሞች በሀገራችን ጥቂቶች ናቸው፤ ክፍያውም ለብዙ ቤተሰብ የሚደፈር አይደለም። በ14 ሳምንቱ ለክትባት የመጣውን ሕፃን የምትቀበለው የጤና ሠራተኛ ግን ክፍያ የማይጠይቅ ሥራ ልትሠራ ትችላለች፤ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ፣ በዚህ ስፍራ በቅርቡ የሚታየው እብጠት የልጅዋ ጥርስ መሆኑን ለእናቲቱ በጣቷ ታሳያት።