የሁለት ቀን መንገድና ስንቁ

በዚህ አገር የሚኖር ሠራተኛ የሳምንቱን ዕረፍት የሚያገኘው ከዓርብ እኩለ ቀን እስከ ቅዳሜ ማታ ነው። እሑድ በብዙው ዓለም የዕረፍት ቀን ቢሆንም በእስራኤል የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ነው። ስለዚህ አረጋውያንን በማስታመም፥ በጽዳትና በወጥ ቤት ሥራ ለሚተዳደሩ ወገኖቻችን ለራሳቸው የሚተርፋቸው ጊዜ ከአንድ ቀን ተኩል አይዘልም። ይህችም ጊዜ ብዙውን ጊዜ በልብስ አጠባ፥ በስልክ ወሬና በእንቅልፍ ታልቃለች። ስድስትና ሰባት ዓመት እዚህ ኖረው ከሚሠሩበት ቤትና ከኢየሩሳሌም በቀር ሌላ ሳያዩ ወደ አገራቸው የሚመለሱ አሉ። በሌላ በኩል ከአገር ቤት ለመሳለም የሚመጡ አባቶችና እናቶች ከባድ ሻንጣ እየጎተቱ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲጣደፉ፥ ያዩትን በቅጡ ሳያስተውሉ ቀናቸው ያልፋል።

ለሁለቱም ወገን የሚበጀው አጭር ጉዞን በሥርዓት ማወቅ ነው። የወር ጉዞ ስሕተትን ይታገሣል፤ የተረሳው በመንገድ ይገዛል፥ የባከነውም ቀን በሌላ ቀን ይካካሳል። በሁለት ቀን ጉዞ ግን ሻንጣ በመፈተሽ ያለፈች አንዲት ሰዓት ተመልሳ አትመጣም። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ጉዞ ዕረፍት ወይም ድካም የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የመነሻው ሰዓትና የጓዙ ክብደት።

ስለ ሰዓት

በእስራኤል ክልል አብዛኞቹ አውቶቡሶችና ባቡሮች ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ ከጥቂት ሰዓታት በፊት ሥራቸውን አቁመው፥ ቅዳሜ ከመሸ በኋላ ይመለሳሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት የብርድ ወራት ፀሐይ ቀድማ ስለምትጠልቅ መጓጓዣውም የዚያኑ ያህል ቀድሞ ይቆማል። ብሔራዊ ፓርኮችም ዓርብ ዕለት ከሌሎቹ ቀናት አስቀድመው ይዘጋሉ። ስለዚህ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ዓርብ ጠዋት ተነሥቶ፥ የሚያድርበትን በእግር ሊዘዋወርበት የሚችል ስፍራ መርጦ፥ ቅዳሜ ማታ መመለስ ይችላል። ሥራው ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ የሚይዘው ሰው ደግሞ ከወዳጆቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ሚኒባስ ቢከራይ ይሻለዋል። በደማስቆ በር አካባቢ የሚነሡት የዐረብ አውቶቡሶችና ታክሲዎች ቅዳሜም ስለሚሠሩ፥ ወደ ቤተ ልሔም ለሚወርድ ሰው የሰንበቱ መቋረጥ አያሰጋውም።

በሰዓት አቆጣጠርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአውቶቡሱ ሰሌዳ 14:00 ሲል በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ 06:30 ሲልም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ማለቱ ነው። የመመለሻው ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር በወረቀት ተጽፎ በኪስ ቢያዝ ግራ መጋባት ይቀራል።

የት ይኬዳል?

አቅሙ የደከመ ወይም ገና ልምድ የሌለው ሰው በቅርቡ ይጀምር። በኢየሩሳሌም ምዕራባዊ ዳር ያለችው ዐይን ካሬም ዛፍና ምንጭ ያላት፥ በከተማ አውቶቡስ የሚደረስባት መንደር ናት። ቤተ ልሔምም ከኢየሩሳሌም 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። እነዚህን ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል።

ቀጥሎ ያለው መንገድ ወደ ዮርዳኖስ ሸለቆ የሚወርደው ነው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስትቀመጥ፥ የሙት ባሕር ዳርቻ ከባሕር ጠለል በታች 430 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። መንገደኛ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጎዳና 1,200 ሜትር ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ይህን ቁልቁለት በጆሮው መደፈንና በአየሩ መለወጥ ያውቀዋል። ከደጋ ብርድ ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቆላ ይገባልና፥ በብርድ ወራት ከላይ ካፖርት ያስፈለገው ሰው ከታች በነጠላ ብቻ ይቀመጣል።

የሙት ባሕርን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ደቡብ ለሚዘልቅ ሰው ዓይንጋዲ ይገኛል። በዚያ በገደል መካከል ጣፋጭ ውኃ ይፈልቃል፤ በቋጥኞቹ ላይ የሚዘለው የበረሃ ፍየል የሰሜን ተራሮቻችን ዋልያ የቅርብ ዘመድ ነው። በድንጋይ ሥር የሚሸጎጠውንም ሽኮኮ የአገራችን ሰው ሲያየው ወዲያው በስሙ ይጠራዋል። ሩቁ ጉዞ ወደ ገሊላ ነው፤ ከኢየሩሳሌም ጥብርያዶስ ለመድረስ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚኬድ ማደር ግድ ይሆናል። ከጣብጋ ወደ ቅፍርናሆም በባሕሩ ዳር የሚወስደው የእግር መንገድ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፥ በዚያ አካባቢ ያደረ ሰው ቅዳሜን ያለ አውቶቡስ በደስታ ያሳልፋል።

ጓዝ ሲሰናዳ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ በመነሻው ጠዋት የሚሰናዳ ጓዝ ከሚያስፈልገው በላይ ይበዛል፥ ዋናው ነገር ግን ይረሳል። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ዕቃውን ሁሉ በአልጋ ላይ ዘርግቶ መመልከት መልካም ነው። ከዚያም እያንዳንዱን እያነሡ «ይህን በሁለት ቀን ውስጥ በየትኛው ሰዓት እጠቀምበታለሁ?» ብሎ መጠየቅ፤ ሰዓቱ ሊነገር የማይችለውን ዕቃ ወደ ሣጥኑ መመለስ። «ምናልባት ቢያስፈልገኝ» ተብሎ የሚያዝ ዕቃ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ሄዶ ሳይነካ ይመለሳል።

ለሁለት ቀን አንድ የጀርባ ቦርሳ ይበቃል። የሚለበሰው ልብስ እንዳለ ሆኖ፥ አንድ ቅያሪ፥ የውስጥ ልብስና ካልሲ፥ ፎጣ፥ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ፥ ለማታ ብርድ አንድ ሹራብ፥ ሰፊ ባርኔጣ፥ የስልክ ቻርጀር ይያዛል። ጫማው በእግር የተለማመደ ይሁን፤ አዲስ ጫማ ለመንገድ አይመረቅም። እናቶቻችን ለዘመናት የያዙት ነጠላ ግን ከዘመኑ ዕቃ ሁሉ የበለጠ አገልግሎት አለው፤ በቀን ከፀሐይ ይጋርዳል፥ በቅዱስ ስፍራ ይሸፍናል፥ ማታ አንሶላ ይሆናል፥ ሲታጠፍም ትራስ ይሆናል። ጋቢ በአንጻሩ ከባድና ቦታ የሚይዝ ነውና፥ ለቆላ ጉዞ ቤት ቢቆይ አይጎዳም።

ወደ ሙት ባሕር የሚወርዱ ሰዎች ጥቂት ነገር ይጨምሩ። የውኃው ጨው ከውቅያኖስ ውኃ አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚሆን ትንሽ ቁስል እንኳ ያቃጥላል፤ በዓይን ከገባም ያሠቃያል፤ መዋጥ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። በጀርባ ተንጋልሎ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መውጣትና በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል። የጨው ክምር እግር ስለሚቆርጥ ነጠላ ጫማ ያስፈልጋል። የብር መስቀልና ሐብል በዚያ ውኃ ይጠቁራልና አስቀድሞ ይውለቅ። ባሕሩ በየዓመቱ አንድ ሜትር ያህል እየሸሸ ስለሆነ በዳርቻው መሬቱ ድንገት የሚሰምጥባቸው ጉድጓዶች ተፈጥረዋል፤ ስለዚህ ጠባቂ ካለበት ከተፈቀደው መዋኛ ውጭ መውረድ አይገባም።

ውኃና ስንቅ

በቦርሳው ውስጥ ከባዱ ነገር ውኃ መሆን አለበት። በቆላው ሙቀት በእግር ለሚሄድ አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም 3 ኪሎ ነው። የትከሻው አቅም ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ከሆነ፥ ለሌላው ዕቃ ሁሉ የሚቀረው ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ብቻ ነው። ለልብስ ሲባል ውኃን ከመቀነስ ለውኃ ሲባል ልብስን መቀነስ ይገባል። ውኃውም የሚጠጣው ጥም ከመምጣቱ በፊት፥ ጥቂት በጥቂት ነው።

በምግብ በኩል ከአያቶቻችን የተሻለ አስተማሪ የለም። እነዚያ ሰዎች በእግራቸው ወራት የሚፈጅ መንገድ ሲነሡ በአቅማዳቸው የሚይዙት ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎና በሶ ነበር። ይህ ስንቅ ሙቀት አያበላሸውም፥ እሳት አይፈልግም፥ ቦታ አይፈጅም። አንድ ጭብጥ በሶ በውኃ ከተበጠበጠ ጠዋትን ያሻግራል። የመነሻው ቀን ዓርብ ሲሆንም ጾመኛው «ምን እበላለሁ?» ብሎ አይቸገርም። የኢያሪኮ ተምር ቢጨመርበት ማዕዱ ሙሉ ነው። ወጥና እንጀራ ግን በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ ለመጀመሪያው ምሳ ብቻ ይሁን።

ወረቀትና መድኃኒት

ሁለት ነገሮች ከቦርሳው ተለይተው በሰውነት ላይ ይታሰራሉ፤ ሰነድና መድኃኒት። ተሳላሚ ፓስፖርቱንና ወደ አገሩ ሲገባ የተሰጠችውን ትንሿን ሰማያዊ የመግቢያ ወረቀት፥ ነዋሪም ፈቃዱን ይያዝ፤ የሁሉም ቅጂ በስልክ ውስጥ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ለእስራኤል አውቶቡስ ራቭ ካቭ የተባለው የጉዞ ካርድ አስቀድሞ ገንዘብ ይሞላበት።

በኢያሪኮ ጉዳይ ማስተዋል ያስፈልጋል። ከተማይቱ በፍልስጥኤም አስተዳደር ሥር በመሆኗ የእስራኤል ዜጎች እንዳይገቡ በእስራኤል ሕግ ተከልክለዋል፤ በመግቢያውም ቀይ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ቆሟል። ዘመዶቻቸውን ይዘው የሚወጡ ቤተሰቦች ግማሹ ተሳላሚ ግማሹ ዜጋ የሆነ እንደሆነ፥ መገናኛቸውን ከከተማው ውጭ፥ ለምሳሌ በዮርዳኖስ ወንዝ ጥምቀት ስፍራ በቀስር አልያሁድ ያድርጉ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ገና በሂደት ላይ ያለ ወገኖችም በፍተሻ ጣቢያ ሲመለሱ እንዳይቸገሩ፥ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ሳያማክሩ አይለፉ። በወንዙ ዳር ለብዙ ዓመታት የተቀበሩ ፈንጂዎች ስለነበሩ፥ ለፎቶግራፍም ቢሆን አጥር ማለፍ ወይም ከተሠራው መንገድ መውጣት ፈጽሞ አይገባም።

የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸው መድኃኒታቸውን ለሁለት ቀን ብቻ ሳይሆን ለሦስት ቀን ይያዙ፤ መንገድ ሊዘጋ ይችላልና። ኢንሱሊን በፀሐይ ከቆመ መኪና ውስጥ ሊተው አይገባም፤ ሙቀት ኃይሉን ያጠፋዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሸለቆው ሙቀት 40 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን ስላለ፥ አረጋውያን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በጥላ ይቆዩ። በብርድ ወራት ደግሞ አደጋው ጎርፍ ነው፤ በኢየሩሳሌም ተራሮች የዘነበው ዝናብ ሰማዩ ጥርት ባለበት በረሃ ደረቁን ወንዝ ድንገት ይሞላዋል። የአገራችንን ቆላ የሚያውቅ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ አይንቅም።

ከማን ጋር?

ብቻውን የሚሄድ ሰው ወደየት እንደ ወጣና መቼ እንደሚመለስ ለአንድ ሰው ይንገር። በቡድን የሚሄዱ ደግሞ ጓዛቸውን ይከፋፈሉ፤ አንዱ የቁስል መጠቅለያ፥ ሌላው ቢላዋና ማንኪያ፥ ሦስተኛው ስንቁን ቢይዝ፥ ሦስት ሰው ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ዕቃ አይሸከምም። የእናቶችን ውኃ ወጣቶች ይያዙላቸው፤ የቡድኑም እርምጃ በደካማው ሰው እርምጃ ይለካ። በገዳም ወይም በእንግዳ ቤት ለማደር የሚያስቡ አስቀድመው በስልክ ያስፈቅዱ፥ ከመምሸቱ በፊት ይድረሱ፥ አንሶላቸውንም ይያዙ። ያደሩበትን ስፍራ ጠርገው መነሣትም የእንግዳ ወግ ነው።

ከጉዞ የተመለሰ ቦርሳ ቅዳሜ ማታ ተራግፎ፥ ያልተነካው ዕቃ በወረቀት ይመዝገብ። ለሚቀጥለው ጊዜ የሚቀነሰውን የሚነግረው ያ ወረቀት ነው። ሳሙናው፥ ባርኔጣውና ባዶው ኮዳ በቦርሳው ውስጥ ቢቆዩ፥ በሌላ ሳምንት «እንሂድ» የሚል ወዳጅ ሲመጣ ለመሰናዳት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ያ ወዳጅ ካልመጣም እናንተው ጥሩት፤ በተለይም ለብዙ ወራት ከአሠሪው ቤት ያልወጣውን።