ለአንድ ኩባያ ሙቅ

ካትዌ ከካምፓላ መሀል ከተማ በስተደቡብ፣ ረባዳ መሬት ላይ የተጠጋጋ የድሃ ሰፈር ነው። ከተማው በብረት ቀጥቃጮቹና በመካኒኮቹ ያውቀዋል። ዝናብ ሲበረታ ጎርፉ ሳያንኳኳ ቤት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ሮበርት ካቴንዴ የተባለ ወጣት እዚህ ሰፈር ቼዝ ማስተማር ጀመረ። ካቴንዴ ምህንድስና የተማረ ኳስ ተጫዋች ሲሆን፣ ስፖርትን ከወንጌል ጋር አጣምሮ በሚሠራ ድርጅት ተቀጥሮ ልጆችን ኳስ ያጫውት ነበር። ሜዳው ዳር ቆመው ከማየት በቀር ኳስ የማይሆንላቸው ልጆች አላስቻሉትምና ለእነሱ ሰሌዳ ዘረጋላቸው። በሉጋንዳ ቋንቋ ጨዋታው ስም እንኳ አልነበረውም። ልጆቹ ግን መጡ፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙዎቹን የሳባቸው እዚያ የሚታደለው ሙቅ ነው።

ፊዮና ሙቴሲ የተባለች የሰፈሩ ልጅም በ2005 የመጣችው ከዚህ በተለየ ምክንያት አይደለም። ወንድሟን ከኋላ ከኋላው ተከትላ ደረሰች። ዕድሜዋ 9 ዓመት ገደማ ቢሆን ነው። አባቷ በሕፃንነቷ ሞቷል፤ ትምህርት አቋርጣ በየመንገዱ ቅቅል በቆሎ ታዞራለች። የጠጠሮቹን አካሄድ ያሳየቻት አስተማሪዋ ደግሞ የ4 ዓመት ልጅ ነበረች።

መጀመሪያ ላይ ወንዶቹ ደጋግመው አሸነፏት። አንዱማ በአራት እርምጃ የሚጨርስ ወጥመድ ነበረው። ቼዝ የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚቀምሰው ነገር ነው፦ ከንጉሡ አጠገብ፣ ከራሱ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የሌላት አንዲት ቤት አለች። ጳጳሱ ከሩቅ ያነጣጥርባታል፣ ንግሥቲቱ ዘው ብላ ትቀመጥባታለች፣ በቃ። (በእኛ ሰንጠረዥ እንዲህ ያለ ግፍ የለም፤ የእኛ ፈርዝ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቤት በላይ አይራመድም።) ፊዮና ሽንፈቱን ስትጠጣ ቆይታ አንድ ቀን ወጥመዱ ሳይዛት ቀረ፤ ልጁንም አሸነፈችው። ከወንዶቹ ጋር እየተጋፋች ያደገችበት አጨዋወት ወደፊት ብቻ የሚገፋ፣ ባላጋራን ፋታ የሚነሳ ነበር።

11 ዓመት ሲሞላት የአገሯ የታዳጊ ሴቶች ሻምፒዮን ሆነች። በ2009 ከሁለት የሰፈሯ ልጆች ጋር ለአፍሪካ ልጆች ውድድር ወደ ጁባ በረረች፤ ጁባ ያኔ ገና የሱዳን ናት። አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። ሦስቱ የካትዌ ልጆች ዋንጫውን ይዘው ተመለሱ።

በ2012 የኢስታንቡል የቼዝ ኦሊምፒያድ እሷና አይቪ አሞኮ ዓለም አቀፍ ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ኡጋንዳውያን ሴቶች ሆኑ። ማዕረጉ የሴቶች ካንዲዴት ማስተር ይባላል፤ ለሴቶች ከሚሰጡት ሁሉ ዝቅተኛው ነው። በዚያው ዓመት ቲም ክሮዘርስ መጽሐፍ ጻፈላት፤ በ2016 ደግሞ ራሷ ካምፓላ ውስጥ ቤት ያላት ሚራ ናይር፣ ሉፒታ ንዮንጎን በእናቷ ቦታ አድርጋ ፊልም ሠራችላት። የመጽሐፉም የፊልሙም ርዕስ «የካትዌ ንግሥት» ይላታል። እኔ ግን ከንግሥትነቱ ይልቅ ያ ዝቅተኛ ማዕረግ ይበልጥብኛል። አሠልጣኝ የተቀጠረለት፣ መጽሐፍ ተደርድሮለት ያደገ ልጅ ሊንቀው ይችላል፤ ከአንድ ኩባያ ሙቅ ተነስታ እዚያ የደረሰች ሴት ግን ከእሷ በፊት በአገሯ አልነበረችም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ጨዋታዋ ግን ከዚያ ይቀድማል። በ2010 ሳይቤሪያ ውስጥ ሃንቲ ማንሲይስክ በተባለች ከተማ ኦሊምፒያድ ሲካሄድ ፊዮና 14 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያዋ ባላጋራ የካናዳ ሻምፒዮን ነበረችና ተሸነፈች፤ ሽንፈቱም በዚያ አላበቃም። ከዚያ አንድ ቀን ከፊቷ የተቀመጠችው ኢትዮጵያዊት ሆነች፤ እንደ እሷው በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች አፍሪካዊት። ፊዮና በውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን የምትመስል ልጅ አየች። ጥቁር ጠጠር ይዛ፣ ሳትቸኩል ጠብቃ፣ ክፍተት ስታገኝ እንደ ካትዌው መግፋት ጀመረች። የእኛዋ ልጅ መሄጃ ስታጣ እጇን ዘርግታ ሽንፈቷን ተቀበለች። ፊዮና ፈገግታዋን ልትውጠው ሞክራ አቃታት። እየዘለለች ከአዳራሹ ወጣችና ብርዱ ውስጥ ቆማ፣ ወደ ሰማዩ ቀና ብላ እልል አለች፤ ውስጥ ገና በመጫወት ላይ የነበሩት ደንግጠው ዞር አሉ።