ከበዓል ማግሥት የሚጀምረው በጎ ፈቃድ

በአዲስ አበባ «የጎዳና ተዳዳሪ» የሚለው መጠሪያ ቀን ሲለምን ውሎ ማታ ወደ ኪራይ ጎጆው የሚመለሰውን ነዳይ፣ ከገጠር መጥቶ ሥራ ሲያጣ በረንዳ ያደረውን ወጣት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር በላስቲክ የተጠለለችውን እናትና በሕመም ምክንያት ከቤተሰቡ የተለየውን አረጋዊ በአንድነት ይሸፍናል። የእነዚህ ሰዎች ችግር የተለያየ ሆኖ ሳለ የሚደርሳቸው እርዳታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት፣ እርሱም ምግብ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ በኅብረተሰቡ ውስጥ ሥር የሰደደው የመስጠት ባህል ነው። በዝክር ነዳያንን ማብላት፣ በሙስሊሙ ዘንድ ዘካና ሠደቃ ማውጣት፣ በቅርብ ዓመታትም በበዓል ዋዜማ «ማዕድ ማጋራት» በሚል ስያሜ የሚካሄደው የምግብ እደላ ብዙዎችን ከረሃብ የታደጉ፣ ክብር የሚገባቸው ልማዶች ናቸው። ይሁንና በአብዛኛው በቀን መቁጠሪያ የሚመሩ በመሆናቸው በፋሲካ ሳምንት የሚተርፈው እንጀራ በሐምሌ ተራ ማክሰኞ አይገኝም፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ከተማ ደግሞ በረንዳ አዳሪውን ከሁሉ የሚከብደው የክረምቱ ሌሊት ነው።

በጎ ፈቃደኝነት፣ ማለትም ያለ ክፍያ ጊዜንና ጉልበትን ለሌላው መስጠት፣ ከምጽዋት የሚለየው በቀጣይነቱ ነው። በ2002 ዓ.ም በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ይሆናል። ከመሥራቹ የቤተሰብ ቤት የተነሣው ይህ ማዕከል ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የሚያኖር ሲሆን፣ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መርሑም በከተማዋ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ዋናው ሥራ ለፎቶግራፍ የሚመች አይደለም፤ ለወራት ውኃ ያልነካውን ገላ ማጠብ፣ የተቆላለፈ ፀጉር መላጨት፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ቁስል መጥረግ፣ ራሱን መመገብ ያልቻለውን ማጉረስና ዳይፐር መቀየር በየዕለቱ ስለሚደጋገም፣ አንድ ቀን በብዛት ከሚመጣ መቶ ሰው ይልቅ በየሳምንቱ በሰዓቱ የሚገኝ አንድ ሰው ይበልጥ ይጠቅማል። የታማሚው አመኔታም ቢሆን የሚገኘው ተመልሶ በመምጣት ነው።

በጎዳና ነዋሪዎች ላይ የሚታየው የአእምሮ ሕመም ክብደትም ይህንኑ ቀጣይነት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ፣ በአዲስ አበባ 217 የጎዳና ነዋሪዎችን በመረመረ ጥናት መሠረት ከመቶ 41ዱ ሳይኮሲስ፣ ማለትም ሰው እውነታውን ከቅዠት ለመለየት የሚቸገርበት የአእምሮ ሕመም፣ የነበረባቸው ሲሆን ከእነዚህም ሕክምና ያገኙት ከመቶ አሥር ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለእንዲህ ያለ ሰው ምሳ መስጠት ተገቢ ቢሆንም ወደ ሐኪም የሚወስደውና የመድኃኒቱን ሰዓት የሚያስታውሰው ሰው ካልተገኘ የነገው ቀኑ ከዛሬው የተለየ አይሆንም።

መንግሥት ጉዳዩን ያየበት ዓይን በጊዜ ሂደት ተለውጧል። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 መሥራት እየቻለ የሚታይ መተዳደሪያ የሌለውንና በአዋጁ የተዘረዘሩትን ድርጊቶች ሲፈጽም የተገኘን ሰው በወንጀል የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም በ11 ከተሞች ሥራ የጀመረው የከተሞች ሴፍቲኔት ፕሮግራም ግን የጎዳና ነዋሪዎችን የድጋፍ ተጠቃሚ አድርጎ ያያቸዋል። ለውጡ መልካም ነው፤ ሆኖም ወደ አገልግሎት የሚያደርሰው በር ሰነድ ይጠይቃል። የነዋሪነት መታወቂያ የቤት ቁጥርን መሠረት ስለሚያደርግ፣ ቤት የሌለው ሰው መታወቂያ፣ መታወቂያ የሌለውም የነፃ ሕክምና ወረቀትም ሆነ መደበኛ ሥራ ለማግኘት ይቸገራል።

በዚህ ቦታ የበጎ ፈቃደኛው ድርሻ ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ነው። በ2015 ዓ.ም በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ የተደገፈው የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ፣ የሰነድ ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር እንዲመዘገብ ዕድል ይሰጣል፤ ምስክር ለመሆን ደግሞ ሰውየውን በስሙ ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙን የሚያውቀውም በበዓል ቀን እንጀራ አድሎ የሄደው ሳይሆን፣ በሐምሌ ዝናብ ብርድ ልብስ ይዞ ደጋግሞ የመጣው ነው።