ዲጂታል ሞዴሊንግ አምፕሊፋየር ለቤት ውስጥ የጊታር ልምምድ፦ የሚያስመስለውና የሚሸፍነው

የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን የተሟላ መሣሪያ አይደለም። የክሩ ንዝረት በፒክአፑ አማካይነት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል ሲለወጥ የሚገኘው እጅግ ደካማ ነገር ነው፤ አድማጭ «የጊታር ድምፅ» ብሎ የሚያውቀውን ቀለም የሚይዘው በአምፕሊፋየርና በስፒከር ውስጥ ካለፈ በኋላ ነው። ችግሩ ይህ ቀለም ከጩኸት ጋር የተጋባ መሆኑ ነው። የቫኩም ቱቦ አምፕሊፋየር ጊታረኞች የሚወዱትን ሞቅ ያለ ዲስቶርሽን በሙላት የሚሰጠው ወደ አቅሙ ጫፍ ሲቃረብ ነው። የተለመደ የጊታር ስፒከር በ1 ዋት ኃይል ብቻ፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ ወደ 100 ዴሲቤል የሚጠጋ ድምፅ ያወጣል፤ ኃይሉ 15 ዋት ሲሆን በዚያ ላይ 12 ዴሲቤል ያህል ይጨመራል። በኮንዶሚኒየም ለሚኖርና ልምምዱን ማታ ለሚያደርግ ተማሪ ይህ የማይታሰብ ነው። ጎረቤት ቢታገሥ እንኳ ጆሮ አይታገሥም፤ የአሜሪካ የሙያ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም የሚመክረው ወሰን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በ100 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

ዲጂታል ሞዴሊንግ አምፕሊፋየር ይህን ጋብቻ ለማፍረስ የተሠራ ነው። የቱቦውን ዲስቶርሽን በስሌት ፈጥሮ በፈለግነው ዝቅተኛ ድምፅ ያሰማናል። ይህ ጽሑፍ አንድ አነስተኛ የጠረጴዛ ሞዴል በቤት ውስጥ ለጥቂት ወራት ከተሞከረ በኋላ የተጻፈ ሲሆን፣ የሚመረምረው ድምፁ «እውነተኛውን ይመስላል ወይ?» የሚለውን ብቻ ሳይሆን፣ በእርሱ የተገኘ ችሎታ ከቤት ውጭ ይሠራል ወይ የሚለውን ጭምር ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ለተለማማጁ ይበልጥ ይመዝናል።

በመጀመሪያ ሞዴሉ ምን መምሰል እንዳለበት እንመልከት። በቱቦ አምፕሊፋየር ውስጥ ሲግናሉ በቅድመ ማጉያ ቱቦዎች፣ በቃና መቆጣጠሪያው፣ በኃይል ቱቦዎች፣ በውጤት ትራንስፎርመርና በመጨረሻም በስፒከሩ ያልፋል። ከእነዚህ ደረጃዎች ብዙዎቹ የሲግናሉን ጫፍ በየራሳቸው መንገድ ይቆርጣሉ፤ ሲቆርጡም በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ሃርሞኒኮችን ይጨምራሉ። ከዚህም በላይ መሣሪያው «ትዝታ» አለው፤ ቅኝቱን ማለቴ አይደለም። ክሩ በኃይል ሲመታ የኃይል አቅርቦቱ ቮልቴጅ ለቅጽበት ዝቅ ብሎ ቀስ በቀስ ስለሚያገግም፣ አሁን የሚሰማው ድምፅ ጥቂት ቀደም ብሎ በተጫወትነው ላይ ይመሠረታል። ጊታረኞች «ከእጄ ጋር ይተነፍሳል» ሲሉ በአብዛኛው የሚገልጹት ይህንን ነው።

ይህን በዲጂታል መንገድ የማስመሰል ሥራ በገበያ ላይ የታየው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ሮላንድ ቪጂ-8 የተባለውን የጊታር ሥርዓት በ1995፣ ላይን 6 ደግሞ አክስሲስ 212 የተባለውን ሞዴሊንግ አምፕሊፋየር በ1996 አቀረቡ። ዛሬ ሁለት ዋና ዋና አካሄዶች አሉ። አንደኛው የወረዳውን እያንዳንዱን ክፍል በሒሳብ እኩልታ ይወክላል። ሁለተኛው የውስጡን ሳይጠይቅ የገባውንና የወጣውን ሲግናል አነጻጽሮ ይማራል፤ በነርቭ መረብ የሚሠሩት ሞዴሎች ከዚህ ወገን ናቸው። የሁለተኛው ድክመት በአብዛኛው የአምፕሊፋየሩን አንድ የቁልፍ አቀማመጥ ብቻ የሚይዝ መሆኑ ነው፤ እንደ ፎቶግራፍ ነው ማለት ይቻላል።

የትኛውም አካሄድ ቢመረጥ አንድ የማይሸሽ እንቅፋት አለ። ሲግናሉ በሴኮንድ 48,000 ናሙና ከተወሰደለት፣ ሥርዓቱ በትክክል ሊወክል የሚችለው እስከ 24,000 ሄርዝ ያለውን ድግግሞሽ ብቻ ነው። ዲስቶርሽን ግን ከዚህ ወሰን በላይ የሚዘልቁ ሃርሞኒኮችን ይፈጥራል፤ እነዚህም አይጠፉም፤ ታጥፈው ወደሚሰማው ክልል ይመለሳሉ። ይህን ማንም በቤቱ ሊፈትሸው ይችላል። በቀጭኗ ክር 22ኛው ፍሬት ላይ ያለውን 1,175 ሄርዝ ያህል ድምፅ ከፍ ባለ ዲስቶርሽን መትቶ፣ ክሩን በመሳብ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ ማለትም ወደ 1,319 ሄርዝ ገደማ ማድረስ ነው። የመጀመሪያውን ድምፅ 35ኛ ሃርሞኒክ ብንከተል ከ41,100 ወደ 46,150 ሄርዝ ገደማ ይወጣል፤ በ48,000 ናሙና ሲታጠፍ ግን ከ6,900 ወደ 1,850 ሄርዝ ገደማ ሲወርድ ይሰማል። ጣት ወደ ላይ ሲስብ ከሥር ወደ ታች የሚንሸራተት ፉጨት ከተሰማ፣ መሣሪያው በስሌቱ ላይ ቆጥቧል ማለት ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የዲስቶርሽኑን ስሌት በብዙ እጥፍ የናሙና ፍጥነት ሠርቶ፣ ትርፉን አጣርቶ፣ ወደ ቀድሞው ፍጥነት መመለስ። ዋጋው የማስያ ጉልበት ነው። የተሞከረው መሣሪያ ይህን ፈተና በመካከለኛ ዲስቶርሽን አልፏል፤ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ሲዞር ግን ፉጨቱ በግልጽ ይሰማል።

ስለ መዘግየት የሚነገረው ሥጋት ግን በአመዛኙ የተጋነነ ነው። 128 ናሙናዎችን ጠብቆ የሚያሰላ መሣሪያ በዚህ ምክንያት የሚዘገየው 2.7 ሚሊሴኮንድ ነው። ድምፅ በአየር 1 ሜትር ለመጓዝ 2.9 ሚሊሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከቱቦ አምፕሊፋየሩ 3 ሜትር ርቆ የሚቆም ጊታረኛ ከዚህ የበለጠ መዘግየት ሳያስተውል ሲጫወት ኖሯል። ልዩ የሚሆነው የብሉቱዝ ማዳመጫ ነው፤ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሴኮንድ ስለሚያልፍ አጃቢ ሙዚቃን ወደ አምፕሊፋየሩ ለማስገባት እንጂ የራስን ጊታር ለመስማት አይሆንም። ማዳመጫው የሽቦ ይሁን።

የጆሮ ባሕርይም ከሞዴሉ ጋር ይጣላል። ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት የድምፅ መጠን ሲቀንስ ጆሮ ለዝቅተኛ ድግግሞሾች ያለው ንቃት ከመካከለኞቹ ይልቅ ይዳከማል። ስለዚህ በመኝታ ክፍል በዝግታ ሲሰማ የተመጣጠነ እንዲሆን ባሱ የተጨመረበት ቅንብር፣ በመድረክ ድምፅ ሲከፈት ይጨቀያል። ሞዴሉ ዲስቶርሽንን ከጩኸት ይለያል እንጂ ጆሮን ከጩኸት ሊለይ አይችልም። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ቅንብር ለቤት ብቻ ነው።

ለእኛ አገር ጊታረኞች የተለየ ትኩረት የሚሻው ቅኝት ነው። ሁለት ድምፆች በአንድነት ወደ ዲስቶርሽን ሲገቡ የድምራቸውና የልዩነታቸው ድግግሞሾችም ይወለዳሉ። 220 እና 330 ሄርዝ ሲጣመሩ ልዩነታቸው 110 ሄርዝ፣ ማለትም የመጀመሪያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ የሮክ ጊታር በዚህ ጥምረት የሚኖረው ለዚህ ነው። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን በውስጣቸው የግማሽ ድምፅ ርቀት አለባቸው። 220 እና 233 ሄርዝ አብረው ሲጮኹ ከሚወለዱት መካከል 207 እና 246 ሄርዝ ገደማ የሆኑ ድምፆች ይገኛሉ፤ ሁለቱም ከዋነኞቹ ጋር ተጠጋግተው ይፋጫሉ። አንድ ክር ሳይቆም ሌላው ከተመታ ዜማው ይታወካል። የፋብሪካ ቅንብሮች በአብዛኛው ለሮክና ለብሉዝ ታስበው የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ በእነዚህ ቅኝቶች የሚለማመድ ሰው ዲስቶርሽኑን ቀንሶ መጀመር አለበት፤ በትዝታ ሜጀር ግማሽ ድምፅ ስለሌለ ነፃነቱ ይሰፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ከፍተኛ ዲስቶርሽን ጠንካራውንና ደካማውን ምት ያቀራርባል፤ ጫፉ የተቆረጠ ሲግናል ከዚያ በላይ አያድግምና። ማዳመጫ ላይ ደግሞ የሚሰማው በስፒከሩ አፍ ላይ የተደቀነ ማይክሮፎን የሚይዘው ድምፅ አምሳያ ስለሆነ የክፍሉ ግድግዳ የሚጨምረው ነገር ሁሉ ይቀራል። ውጤቱ የተወለወለ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በዚህ ሁኔታ ተለማምጄ በአንድ የልምምድ አዳራሽ ንጹሕ ድምፅ በሚሰጥ ተራ አምፕሊፋየር ስጫወት፣ ምቶቼ እኩል አለመሆናቸው፣ የግራ እጄ ጣቶችም ክሩን ቀድመው እንደሚለቁ ወዲያው ተሰማኝ። ያጠናሁት ዜማ ትክክል ነበር፤ እጄ ግን ስሕተቱን ሳይሰማ ከርሟል። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ማለት አልችልም፤ እኔ የመረጥኩት ቅንብር ነው። ከዚያ በኋላ የልምምዱን የመጀመሪያ አጋማሽ በንጹሕ ሞዴል፣ ያለ ማሚቶ፣ በማዳመጫ ፈንታ በራሱ ትንሽ ስፒከር አደረግሁት። በቀጣዩ ጊዜ አዳራሹ ያን ያህል አላስደነገጠኝም።

የኤሌክትሪክ ጉዳይም ሳይነሳ አይታለፍም። ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣው የቱቦ አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል፤ የዲጂታሎቹ አዳፕተር ግን በብዛት ሁለቱንም ይቀበላል፤ አንዳንዶቹም በባትሪ ስለሚሠሩ መብራት ሲጠፋ ልምምድ አይቋረጥም። ከመግዛት በፊት በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል።

ለምርምር የሚጋብዘው ክፍተት መለኪያው ላይ ይመስለኛል። የነርቭ መረብ ሞዴሎች በብዛት የሚመዘኑት በወጣው ሲግናልና በእውነተኛው መካከል ባለው ስሕተት ነው፤ ይህ ቁጥር ቢያንስም ሞዴሉ ለእጅ ምት የሚሰጠው ምላሽ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የሥልጠናው ቅጂም በተለምዶ የጊታር ነው። በፒክአፕ የተሰካ ክራር ምቱ አጭርና ስለታም፣ አከሳሰሙም ከጊታር የተለየ ነው፤ ቀጣዩ ሙከራዬ ይህንኑ ሲግናል ለዚሁ ሞዴል ሰጥቶ፣ ቮልቴጁ የሚወርድበትና የሚያገግምበት ጊዜ ከእውነተኛው ቱቦ አምፕሊፋየር ምን ያህል እንደሚርቅ ማነጻጸር ይሆናል።