ኳስ ከክረምት ጋር፦ የኮልፌ የሰፈር ውድድሮች ጉዳይ

በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚጀመረው የሰፈር እግር ኳስ ውድድር ለክለቦች የሚያበቃው ተጫዋች ለምን ጥቂት ሆነ የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር፣ ሜዳው በግንባታ ተወሰደ፣ በጀት የለም፣ የዕድሜ ማጭበርበር በዛ የሚሉት ሦስት መልሶች ይደጋገማሉ። ሦስቱም እውነትነት አላቸው፤ ሆኖም ውድድሩ የሚካሄድበትን ወቅት የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

የትምህርት ዘመኑ በሰኔ መጨረሻ ተጠናቆ በመስከረም ስለሚከፈት ተማሪው ሙሉ ቀን ነፃ የሚሆነው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደውም በእነዚሁ ሁለት ወራት ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚካሄደው የኬፕ ኮድ ሊግ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእረፍታቸው በነዋሪዎች ቤት በእንግድነት እያደሩ ለትናንሽ ከተሞች ቡድኖች ቤዝቦል የሚጫወቱበት ውድድር፣ የሚውለው በከፊል በእነዚሁ ወራት ቢሆንም፣ በዚያ አገር ወቅቱ በጋ በመሆኑ የታላላቅ ክለቦች መልማዮች ተጫዋቹን በደረቅ ሜዳ ላይ አይተው ይመዝኑታል።

በኮልፌ ግን መልማይ ቢመጣ እንኳ የሚያየው ጭቃ ነው። በኖራ የተሰመረው መስመር በከሰዓቱ ዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፤ በረኛው የሚቆምበት ጎድጓዳ ውኃ ያቁራል፤ አዘጋጆቹ ሰጋቱራ ቢበትኑበትም ጨዋታው ሳያልቅ ከጭቃው ጋር ይለወሳል። ታኬታ የሌለው ልጅ በሸራ ወይም በኮንጎ ጫማ ይገባል፤ ለእግር ተሰጥቶ የሚንከባለለው ኳስም መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ የሚያሸንፈው ኳሱን ወደ አየር እየጠለዘ በጉልበት የሚገፋው እንጂ የሚያቀብለው አይደለም፤ ስለዚህ ውድድሩ ሳያስበው ቀድሞ የጎለመሰውን እየመረጠ፣ ቀጭኑንና ብልሁን ያስቀራል። የዕድሜ ማጭበርበር የሚባለውም ቢሆን ከዚህ ተነጥሎ የሚታይ መሆኑ ያጠራጥራል፤ ጉልበት የሚሸለምበት ሜዳ ትልቁን ልጅ ታናሽ አድርጎ የማስመዝገብን ፈተና ያበረታታልና። ክለቦች አዳዲስ ተጫዋች የሚያስፈርሙትም በዚሁ በክረምት መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያስቆጫል።

በከተማዋ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ ሜዳዎች መበራከታቸው የጭቃውን ችግር በከፊል ይፈታል። ይሁን እንጂ ሜዳው በሰዓት በሚከራይበት ቦታ ሁሉ፣ ማሊያና ዋንጫ በነዋሪው መዋጮ የሚገዛ የሰፈር ቡድን ተራ ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው፤ «ፕሮጀክት» በመባል የሚታወቁት፣ አንድ አሠልጣኝ ታዳጊዎችን ሰብስቦ የሚያሠለጥንባቸው ቡድኖችም ቢሆኑ ዕጣቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሊሞከር የሚገባው ርካሹ መንገድ የቀን መቁጠሪያውን ማዛወር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት የትምህርት ቤቶች ግቢ ቅዳሜና እሑድ ለሰፈር ቡድኖች ቢከፈት፣ የዋንጫው ጨዋታም ለአንደኛው መንፈቀ ዓመት እረፍት ቢቆይ፣ የሚያስፈልገው የወረዳውና የርዕሰ መምህሩ ፈቃድ፣ የጥበቃ ሠራተኛ አበልና ቁልፍ ብቻ ነው። ያ እረፍት የሚውለው በጥር መጨረሻ ገደማ ነው፤ ሜዳው ያን ጊዜ ደረቅ ነው።