የሳይንስ ኤግዚቢሽን ከጓዳ ይጀምራል

«እማዬ፣ ለሳይንስ ኤግዚቢሽን የሚሆን ነገር ሠርታችሁ ኑ ተብለናል።» ይህ አነጋገር ለብዙ ወላጆች እንግዳ አይደለም። ብዙውን ጊዜም የሚነገረው ዝግጅቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ አባት ካርቶንና ማጣበቂያ ፍለጋ ይሮጣል፤ ታላቅ ወንድም ሲቆርጥና ሲለጥፍ ያመሻል፤ ባለጉዳዩ ልጅ ግን ተኝቷል። በማግሥቱ የሚቀርበው ሥራ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ልጁ «ይህ እንዴት ይሠራል?» ተብሎ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል።

ለመሆኑ የኤግዚቢሽኑ ዓላማ ምንድን ነው? ልጆች ስለሚያዩት ነገር እንዲጠይቁ፣ ሞክረው እንዲያረጋግጡና ያገኙትን ለሌላው እንዲያስረዱ ነው። ለዚህ ደግሞ ውድ ዕቃ አያስፈልግም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ነበሩ። ከዚያ ተነሥተው ባካሄዱት ምርምር፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት እንዶድ የምርምር ርእስ የሆነው «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ስለተገኘ ነው።

እንግዲህ ዝግጅቱ እንዲሳካ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ በቂ ጊዜ ይኑር። ትምህርት ቤቱ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ለወላጆች ያስታውቅ። ባቄላ አብቅሎ እድገቱን ለመለካት እንኳ ከአንድ ሳምንት በላይ ይፈጃል።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው አንድ ይሁን፤ የሚለወጠውም ነገር እንዲሁ አንድ ብቻ ይሁን። ለምሳሌ የዳቦ ሊጥ ስታቦኩ ለልጃችሁ እኩል እኩል አድርጋችሁ በሁለት ብርጭቆ ስጡት። አንዱን ከምድጃው አጠገብ፣ ሌላውን ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጥ። የትኛው ፈጥኖ ኩፍ እንደሚል በየግማሽ ሰዓቱ በማስመሪያ ይለካ። እርሾ በውስጡ ሕይወት ያለው፣ ሙቀት ሲያገኝም ብዙ አየር የሚያወጣ መሆኑን በዓይኑ ያያል።

ሦስተኛ፣ ያየውን ሁሉ በደብተር ይጻፍ። ያሰበው ሳይሆን ቢቀር አትቆጡት፤ ውጤቱንም አታቃኑለት። አለመሳካቱም አንድ ዕውቀት ነው።

አራተኛ፣ ለአደጋ ጥንቃቄ ይደረግ። እሳትና በረኪና ያለ አዋቂ አይነኩ። ለመብራት ሙከራ የባትሪ ድንጋይ ይበቃል፤ የቤቱ ኤሌክትሪክ ፈጽሞ አይሞከርበት።

አምስተኛ፣ መምህራን ዳኝነቱን ከዕቃው ውበት ይልቅ በልጁ ማብራሪያ ላይ ቢያደርጉት መልካም ነው። ከቤት ከሚገኝ ነገር በስተቀር ተገዝቶ እንዳይመጣ አስቀድሞ ቢወሰን፣ የድኻ ልጅ ከባለጸጋ ልጅ ጎን ሳያፍር ይቆማል።

በመጨረሻ አንድ ጉዳይ ለእናቶች እናሳስባለን። በብዙ ቤት ወንዱ ልጅ ለኤግዚቢሽኑ ሲዘጋጅ እኅቱ ውሃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ ሊጥ ታቦካለች። ሊጡ መቼ ኩፍ እንደሚል ጠንቅቃ የምታውቀው ግን እርሷ ናት! ከቀኑ ሥራ አንድ ሰዓት ቀንሳችሁ ብትሰጧት፣ የእርሷን ድርሻም ለወንድሟ ብታካፍሉ፣ ዘወትር በእጇ የምትሠራውን በቁጥር አስደግፋ በሰው ፊት ታስረዳለች። የኤግዚቢሽኑ ዕለትም ሥራችሁን ትታችሁ ሄዳችሁ ስሟት። ስትጨርስም ከማጨብጨባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቋት፤ ከሽልማቱ ይልቅ የምታስታውሰው ያን ይሆናል።